«አትግደል» እያሉ ጦርነት መደገፍ ይቻላል ወይ? ጥያቄውን በጽዋ ማኅበር ላይ እንዴት እንደምትመሩት

ይህ መመሪያ ለጽዋ ማኅበር ሙሴዎች (መሪዎች)፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ቤቱ ሰው ሰብስቦ ይህን ጥያቄ ማንሣት ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ወሎ ላይ ጉዳዩ ቁስል ይነካል። ቆቦ፣ ወልድያና ላሊበላ በ2013 ክረምት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በ2014 ጥቅምት ጦርነት ደጃቸው የገባባቸው ከተሞች ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ያንን ጦርነት ቢያቆምም፣ ዓመት ሳይሞላው ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ስለዚህ በአንድ ጽዋ ዙሪያ ልጁን ያጣ፣ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ወንድሙ ካምፕ ያለ፣ የአክስቱ ልጅ ጫካ የገባ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። እነዚህን ሰዎች ሰብስቦ የተራራውን ስብከት ማንበብ ይቻላል፤ ዝግጅት ግን ይፈልጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከ15 ካለፈ ውይይቱ ስብከት ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ጊዜውን ለሁለት ቀን ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ። ማኅበሩ በወር አንዴ፣ በ12 ወይም በ21 ወይም በ27 የሚገናኝ ከሆነ ሁለተኛውን ቀን ለሚቀጥለው ወር አታቆዩት፤ በሳምንቱ ተገናኙ። አንድ ወር ከቆየ ሰው የሚያስታውሰው የተጣላበትን እንጂ ያነበበውን አይደለም።

ንባቡ ከጸሎቱ በኋላ፣ ጠላው ከመቅረቡ በፊት ይሁን። ሁለት ጽዋ ከተጠጣ በኋላ ስለ ጦርነት የተጀመረ ወሬ ወደ ፉከራ ሲሄድ ማንም አያስቆመውም። ከአባላቱ የአንዱ ቤተሰብ ሐዘን ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ አርባው ሳይወጣ አታንሡት።

የንስሐ አባቱን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ሳታማክሩ ማድረግ ነውርም ነው፣ አደጋም አለው። ነገር ግን መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ በትሕትና ለምኗቸው። ካህኑ ቀድመው ከተናገሩ ሰው «አባታችን ብለውታል» ብሎ አፉን ይዘጋል፤ በልቡ ያለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አብዛኞቹ አባቶች ይህን ሲነገራቸው ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፤ አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ሦስት መጽሐፍ ቅዱሶችና አንድ ወረቀት። የተለያየ ትርጉም ከያዛችሁ ግማሹ ሰዓት «የእኔ እንዲህ ይላል» በሚል ያልቃል። ስልክ ይጥፋ፤ ማንም አይቅረጽ። ይህን ሳታስምሉ እንዳትጀምሩ። ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ ሰውየው በሰፈሩ መኖር ሊያቅተው ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን የየትኛውም ታጣቂ፣ ፓርቲ፣ ብሔር ወይም አዛዥ ስም አይጠራም። «እንዴት? የደረሰብንን ሳንጠራ?» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው ቀን ለዚያ እንደሆነ ንገሩትና ቀጥሉ።

ሦስቱን ጥያቄ መለየት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። «ክርስቲያን መዋጋት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ጥያቄ አዝሏል፤ ሰው የሚጨቃጨቀው አንዱ አንደኛውን፣ ሌላው ሦስተኛውን እየመለሰ ስለሆነ ነው። በወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፏቸውና መሐል አስቀምጡ።

1. እኔ ስመታ ምን ላድርግ?
2. ሌላ ሰው፣ ደካማ ሰው፣ ዓይኔ እያየ ሲመታ ምን ላድርግ?
3. መንግሥት ወይም ሠራዊት ምን ማድረግ ይፈቀድለታል?

«ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁሉ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» የሚለው ቃል (ማቴ. 5፥39) አንደኛውን በቀጥታ ይመልሳል። ሮሜ 13 ሦስተኛውን ይነካል። ፍሙ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ የጎረቤቴን ጉንጭ እኔ አዙሬ መስጠት እችላለሁ ወይ? ሰው ሲናገር በተናገረ ቁጥር አቋርጣችሁ «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ለስንተኛው ጥያቄ ነው?» በሉት። መጀመሪያ ያናድደዋል። በሦስተኛው ጊዜ ራሱ ቁጥሩን እየጠራ መናገር ይጀምራል።

ጥቅሶቹን ማንበብ

አንድ ሥርዓት አብጁ፤ ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ የሚደግፍለትን ጥቅስ አያነብም፣ የሚያስቸግረውን ነው የሚያነበው። ጦርነት አይፈቀድም የሚለው ሉቃስ 3፥14ን ያንብብ። ጦርነት ይፈቀዳል የሚለው ማቴዎስ 5፥44ን ያንብብ። ካነበበ በኋላ ከመመለሱ በፊት ጥቅሱ ምን እንደሚል በራሱ አነጋገር ይድገመው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዝግ የሚለው።

ረጅም ጊዜ የምትሰጡት ለሉቃስ 22 ነው። ጌታ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ እንዲገዛ የተናገረው ቁጥር 36 ላይ ነው፤ «እነሆ፣ በዚህ ሁለት ሰይፎች አሉ» ሲሉት «ይበቃል» ያለው ቁጥር 38 ላይ። ጦርነት ደጋፊው ሁልጊዜ እዚህ ያቆማል። እስከ 51 አስነብቡት። ሊይዙት ሲመጡ ደቀ መዛሙርቱ በሰይፍ እንምታ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ሳይጠብቅ አንዱ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጌታ ይከለክላል፣ ጆሮውንም ዳስሶ ይፈውሳል። አሁን ጠይቁ፤ ሁለት ሰይፍ ለአሥራ አንድ ሰው፣ መብራትና ጎመድ ይዞ ለመጣ ሕዝብ፣ ለምኑ ነው የሚበቃው? ቁጥር 37 ላይ «ከዓመፀኞች ጋር ተቆጠረ» የሚለው ትንቢት መጠቀሱንስ አስተውላችኋል? ቀጥሎ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ሌላው ወገን አዙሩና፣ ሦስት ዓመት ከጌታ ጋር የዞረ ጴጥሮስ እስከዚያች ሌሊት ሰይፍ ታጥቆ መገኘቱን እንዴት ታዩታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። በማቴዎስ 26፥52 «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ» ነው የተባለው። ወደ ሰገባው ይመለስ እንጂ ይሰበር አልተባለም የሚል ብልህ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉና» የሚለውን ቀሪውን ያንብብላችሁ።

ሉቃስ 3፥14 ላይ ጭፍሮች ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ይላሉ። ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ «በማንም ግፍ አትሥሩ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው። ለወታደርነት ፈቃድ ነው ብሎ የሚወስደው አለ። ይሁን፤ ግን ፈቃዱ ከሦስት እገዳ ጋር የመጣ ነው፤ ሦስቱም ስለ ዘረፋና ስለ ሲቪል ሕዝብ ናቸው። የተዘረፈ ሱቅ፣ የተጫነ የወፍጮ ሞተር፣ «ጠቁሟል» ተብሎ የተያዘ ጎረቤት ያየ የወሎ ሰው ይህን ጥቅስ ማብራሪያ አይፈልግበትም።

ሮሜን ስታነቡ ከ12፥17 እስከ 13፥7 ሳታቋርጡ አንብቡ። የምዕራፍ ክፍፍሉ በ13ኛው መቶ ዘመን የገባ ነው፤ ጳውሎስ ሲጽፍ እዚያ ላይ ግድግዳ አልነበረም። 12፥19 አማኙን አትበቀል ይለዋል፤ 12፥20 ጠላትህ ቢራብ አብላው ይላል፤ 13፥4 ደግሞ ባለ ሥልጣኑ «በከንቱ ግን ሰይፍ አልታጠቀም» ይላል። አንድ ሰው ክርስቲያንም ባለ ሥልጣንም ሲሆንስ? መልስ አትስጡ፤ ጥያቄው ክፍት ሆኖ ይደር።

በፍጥነት የምታልፏቸው ጥቅሶች አሉ። የዮሐንስ 2፥15 ጅራፍ በጎችንና በሬዎችን ለማስወጣት የተገመደ ነው፤ ከእሱ ወደ መድፍ መሄድ ሩቅ ነው። በማቴዎስ 10፥34 «ሰይፍ» የተባለውን ሉቃስ 12፥51 «መለያየት» ይለዋል። የኢያሱን ጦርነት የሚያነሣ ሰው ካለ ዘዳግም 20ን አስነብቡት፤ ከተማ ከመውጋት በፊት የሰላም ቃል ይነገር ይላል (ቁ. 10)፤ ከተማ ሲከበብ እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለው ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል (ቁ. 19)። ዳዊት ደግሞ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ የተከለከለው ብዙ ደም ስላፈሰሰ ነው (1 ዜና 22፥8)። ያ ጦርነት ግን የታዘዘ ነበር። ይህን ነገር ያዙት፤ ወደ አባቶች ስንሄድ ይመለሳል።

አባቶች ምን አሉ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ጸሐፊዎች በአመዛኙ ደም ማፍሰስን አይፈቅዱም። ጠርጡልያኖስ ጌታ ጴጥሮስን ትጥቅ ሲያስፈታ ወታደሩን ሁሉ አስፈታ ብሎ ጽፏል። አርጌንስም በ248 አካባቢ ክርስቲያኖች ንጉሡን የሚረዱት በጸሎት ነው ብሎ ተከራክሯል። (እነዚህን ሁለቱን ካህናት ባሉበት ዋና ማስረጃ አታድርጓቸው፤ አርጌንስ በኋላ ተወግዟል፣ ጠርጡልያኖስም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። አንድ ሊቅ ይህን ካነሣ ክርክሩ ሁሉ ይፈርሳል።) የተሻለው ማስረጃ ሲኖዶስ በሚባለው የግእዝ የቀኖና መጽሐፍም ውስጥ ቅጂው የሚገኘው የሐዋርያዊ ትውፊት ሥርዓት ነው፤ ወታደር እንዳይገድል ይማር፣ በትምህርት ላይ ሳለ ወታደር ልሁን የሚል ይመለስ ይላል። በ295 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ መክሲሚሊያኖስ የተባለ ወጣት አልመዘገብም፣ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ተሠይፏል።

ከቆስጠንጢኖስ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በ314 የአርል ጉባኤ በሰላም ጊዜ መሣሪያ የሚጥለውን ከቁርባን ከለከለ። ለእኛ ቅርብ የሆነው የአትናቴዎስ ምስክርነት ነው፤ አባ ሰላማን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ያው አትናቴዎስ፣ ለአሞን በጻፈው ደብዳቤ መግደል አይፈቀድም፣ በጦርነት ጠላትን መግደል ግን ሕጋዊም የሚመሰገንም ነው ይላል። ደብዳቤው ስለ ሌላ ጉዳይ ሲሆን ይህ እንደ ምሳሌ የገባ ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ተጽፏል፤ ጦርነት አይፈቀድም የሚለው ወገን አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ባስልዮስ በ13ኛው ቀኖናው እዚህ ላይ ይገባል። አባቶቻችን በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ አልቆጠሩትም፤ ይሁን እንጂ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን ብቻ ቢከለከሉ መልካም ነው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ አስነብቡት፤ ሁለት ጊዜ። ወንጀለኛ አላለውም፤ ንጹሕም አላለውም፤ ያዙት ያልነው የዳዊት ነገርም ይኸው ነው። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ960ዎቹ፣ የቢዛንታይኑ ንጉሥ ኒቆፎር ፎቃስ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቹ ሰማዕታት ይባሉ ብሎ ሲጠይቅ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፖሊዩክቶስ ይህንኑ የባስልዮስን ቀኖና ጠቅሶ እምቢ አለው። በየሰፈሩ ለወደቀ ተዋጊ ሁሉ «ሰማዕት» የሚል ባነር በሚሰቀልበት ዘመን ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል፤ ልጁ የሞተበት አባት ፊት ግን አይነገርም። ያ አባት ከተገኘ ዝለሉት።

በምዕራቡ አውግስጢኖስና በኋላም በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኲናስ «ፍትሐዊ ጦርነት» የሚባለውን አበጁ፤ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ትክክለኛ ምክንያት፣ ቀና ሐሳብ። በኋላ የመጡት የመጨረሻ አማራጭ መሆኑን፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ አለመብለጡን፣ ያልታጠቀ አለመነካቱን ጨመሩ። በሌላው ጫፍ ከ1525 ጀምሮ የመጡት አናባፕቲስቶች አሉ፤ ከእነሱ የወጡት ሜኖናውያን እስከ ዛሬ ክርስቲያን መሣሪያ አያነሣም ይላሉ። በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሩ ከዚያ ነው፤ በስብሰባችሁ ከዚያ ወገን ዘመድ ያለው ሰው ካለ ጋብዙት፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ሰውን መጠየቅ ይሻላል።

እንግዲህ ይታረቃሉ ወይ? በእኛ እይታ ጥቃትን በመሣሪያ መመከትን ከወንጌል ጋር ማቆም የሚቻለው ባስልዮስ ባቆመበት ቦታ ብቻ ነው፤ እያዘኑ፣ ንስሐ እየገቡ፣ ሳይፎክሩ። በደስታ የሚደገፍ ጦርነት ከዚህ ቀኖና ድጋፍ አያገኝም። መሣሪያ አላነሣም የሚለውም ቢሆን ለሁለተኛው ጥያቄ በሥራ መልስ ካልሰጠ፣ እጁን ያነጻው በጎረቤቱ ደም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለ ሻምቦን በተባለች መንደር ፓስተር አንድሬ ትሮክሜና ምእመናኑ በናዚ ዘመን ያለ አንድ ጥይት ብዙ አይሁዳውያንን ደብቀው አትርፈዋል። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር ሂትለርን ለመግደል ካሴሩት ጋር ተባብሮ በ1945 ተሰቀለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ሰው ይከራከርባቸው። (እዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የድጋፍ ደረጃዎች፦ የሁለተኛው ቀን ሥራ

ሰው «ጦርነት እደግፋለሁ» ወይም «አልደግፍም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። የሚከተሉትን በትናንሽ ወረቀት ጻፉና ምንጣፉ ላይ ዘርጓቸው፦ ለተዋጊ መጸለይ፤ ቁስለኛ ማከም፤ ስንቅ ማዘጋጀት፤ ገንዘብ ማዋጣት፤ ልጅን መርቆ መላክ፤ ሠርግ ላይ መሸለልና መፎከር፤ የሌላውን ወገን የሚሰድብ ጽሑፍ ስልክ ላይ ማጋራት። እያንዳንዱ ሰው ክርስቲያን ሊያደርገው የሚችለውን ወደ ቀኝ፣ የማይችለውን ወደ ግራ ይግፋ። ሳይናገር ይግፋ፤ ንግግሩ በኋላ ነው።

ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ጸሎትና ሕክምና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ልጅ መላክ መሐል ይቀራል፤ ስድቡን ማጋራት ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ቀኝ ይገፋል። «እሱማ ወሬ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ማቴዎስ 5፥21-22ን አውጡ። ጌታ «አትግደል» የሚለውን ካነሣ በኋላ ወዲያው የሄደው ወደ ሰይፍ አይደለም፤ ወደ ቁጣና ወደ ስድብ ነው፤ ወንድሙን «ጨርቃም» የሚለውን ሸንጎ፣ «ደንቆሮ» የሚለውን ገሃነም ይጠብቀዋል። ሰውን በእንስሳ ስም፣ በበሽታ ስም የሚጠራ ጽሑፍ ከዚህ የባሰ ነው። ስንቅ ያዘጋጀች እናት የአንድን ሰው ሆድ ሞላች፤ ስድቡን ያጋራው ልጅ ስንት ሰው እንዲገደል መንገድ እንደጠረገ አይቆጥረውም። ብዙ ጊዜ ያ ወረቀት ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ የሚገፋው ያው መጀመሪያ ቀኝ ያደረገው ሰው ነው። አታጨብጭቡለት፤ ቀጥሉ።

ስንቁ ላይ ቆዩ። ደረቆቱን የምትጋግረው፣ በሶውን የምትፈጨው፣ ዳቦ ቆሎውን የምታሰናዳው ሴት ናት፤ ስለ ጦርነት ሲወራ ግን ወንድ ብቻ ይናገራል። መጀመሪያ እትዬ እገሊትን ጠይቁ። «ማንም ይምጣ፣ የራበው ካለ እሰጣለሁ» የምትል ትኖራለች፤ «ለሌላው ወገን ምርኮኛም?» ብላችሁ ጠይቋትና ሮሜ 12፥20 ምርኮኛ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ሰው ይስማ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«አድዋስ?» ይህ ካልተነሣ ወሎ ላይ አይደላችሁም። የካቲት 23 ቀን 1888 የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል። ጥያቄ ሦስትን በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ወራሪ መጥቷል፣ ሥልጣን ያለው ንጉሥ አለ፣ አስቀድሞም ድርድር ተሞክሯል። የፍትሐዊ ጦርነትን መለኪያ አውጡና በአድዋ ላይ ለኩት፤ ቀጥሎ ያንኑ መለኪያ በወንድማማች ጦርነት ላይ ለኩት። አድዋን ዋስ አድርጎ ሁሉን ጦርነት ማስፈታት እዚህ ላይ ይከብዳል። በ1909 ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ሠራዊትና የሸዋ ሠራዊት ሲጋደሉ በሁለቱም በኩል አንድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ነበር።

«ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሰኛ አይደል?» ሥዕሉ ላይ ጦር ይዟል፤ በገድሉ ግን ሰባት ዓመት የተሠቃየው በንጉሡ ፊት ጦር ሳያነሣ ነው።

«አቡነ ጴጥሮስስ?» የደሴው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጣልያን ጥይት ተገደሉ። ለፋሺስት እንዲገዛ ሕዝቡን ስበኩ ሲባሉ እምቢ አሉ። ሁለቱም ወገን የራሱ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ አርበኞችን ስላበረቱ፣ ሌላው ሳይገድሉ ስለተገደሉ። ሁለቱም እውነት አለው፤ አትፍረዱ።

«ሌሊት ቤትህ ቢገቡስ?» ዘጸአት 22፥2-3 መልስ አለው፤ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት የደም ዕዳ የለም፤ ፀሐይ ከወጣች ግን አለ። በሌሊቱና በማለዳው መካከል ያለውን ልዩነት ሰዎቹ ራሳቸው ያውጡት። ብዙው ወንጀል የሚሠራው በማለዳው ነው።

የሚበላሸው የት ነው

ከሁሉ የሚከፋው «ማን ጀመረው» ነው። አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው የራሱን ቀን ይቆጥራል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። ሲጀምር «ይህ ለስንተኛው ጥያቄ ነው?» ብላችሁ መልሱት። እምቢ ካለ ንባብ ጀምሩ፤ ሰው መጽሐፍ ሲነበብ ያለማቋረጥ ልማድ አለው፤ ይህን ልማድ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛው የሙስሊም ዘመድና ጎረቤት ጉዳይ ነው። ወሎ ላይ ስብሰባው የክርስቲያን ብቻ ቢሆንም አንድ ሙስሊም አማች፣ አንድ ጎረቤት ቡና ይዞ ብቅ ይላል። «የእኛ ሃይማኖት የሰላም ነው፣ የእነሱ…» የሚል ሲነሣ ወዲያው አስቁሙት። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የሰበሰቡት ጉባኤ ካለቀ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ መታዘዛቸውን በዚህ አገር የማያውቅ የለም። እንግዳው ዝም ብሎ ቡናውን ቢያቀርብም ያስታውሳል።

ሦስተኛው ልቅሶ ነው። ሰው ካለቀሰ ወረቀቱን አንሡ፤ ንባቡን አቁሙ፤ ውኃ ይምጣ። ማንም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አይቸኩል። ያለቀሰው ሰው ራሱ «ቀጥሉ» እስኪል ጠብቁ፤ ካላለ የዚያ ቀን እዚያው ላይ ያበቃል።

በሁለቱ ቀን መካከል አንድ ሥራ ስጡ። ከማኅበሩ ሁለት ሰው ደም ሲደርቅ (ገዳይና የሟች ወገን ሲታረቁ) የተቀመጠ ሽማግሌ ዘንድ ሄደው ይጠይቁ፤ በአካባቢው አበጋር የሚባል አስታራቂ ካለ እሱን፣ በራያ ቆቦ በኩል ከሆነ የዘወልድ ሽማግሌዎችን። የሚጠይቁት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መተኳኮሱ እንዴት ይቆማል? የሟች ወገን «አልታረቅም» ሲል ማን ይሄድበታል? ጉማው (የደም ካሳው) እንዴት ይቆረጣል? ምን ተብሎ ይማላል? አብሮ መብላቱ መቼ ነው? መልሱን ይዘው መጥተው ሲናገሩ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ትእዛዝ በወሎ ምድር እርምጃ በእርምጃ ሲሠራበት የኖረ መሆኑ ይታያል። ሽማግሌው ሙስሊም ከሆነም ይሄዱ፤ ብዙ ጊዜ ይሆናልም።

በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል ምን እንደሚታዘዙ ከአባላቱ አንዱ ለሌሎቹ ያስረዳ። እጅ ከመነሣሣታችን በፊት በልባችን የያዝነው ሰው ካለ እዚያች ላይ ነው የሚታወሰው። አጭር ክፍል ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከግንባር ተመልሶ በመካከላችሁ ከተቀመጠ የምታደርጉት የተለየ ነው። ስንት ገደልክ፣ ፈርተህ ነበር ወይ፣ ምን አየህ የሚሉትን ሦስቱን ማንም አይጠይቀው። «ጀግናችን» ብላችሁም አታስጨንቁት፤ ከባስልዮስ ቀኖና የሚያስፈራውን ክፍል በእሱ ላይ አታንብቡበትም። ዲያቆን ወይም ቄስ ሆኖ ዘምቶ ነፍስ ያጠፋ ከሆነ መቀደስ ስለማይችል ጉዳዩ በሰው ፊት አይነሣ፤ በቀጥታ ለንስሐ አባቱ ይተው። ሌላው ሰው ከሆነ ውይይቱ ሲያልቅ ከእሱ ጋር የሚሄድ አንድ ሰው ቀድማችሁ መድቡ፤ እድሜው የሚቀራረብ፣ ሰፈሩ አንድ የሆነ። መንገድ ላይ ማውራት ከፈለገ ያዳምጠዋል፤ ካልፈለገ ዝም ብሎ አብሮት ይሄዳል፤ በሳምንቱም ንስሐ አባቱ ዘንድ ልሸኝህ ወይ ብሎ አንዴ ይጠይቀዋል።